የመንዝን ገብስ ማን ለካው?

የኢኮኖሚክስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥራቱ የሚታወቀው ከሠንጠረዡ ግርጌ በተጻፈችው ትንሽ መስመር ነው። «ምንጭ፦ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ» ብቻ ከተባለ ገና ምንም አልተባለም። የትኛው ጥናት? የየትኛው ዓመት? የመኸሩ ነው ወይስ የበልጉ? ለመንዝና ለግሼ ወሳኙ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ሁለቱን ወቅቶች የሚለያቸው ሰብሉ በተሰበሰበበት ወር ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት የታጨደው መኸር፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የታጨደው በልግ ይባላል፤ ውጤታቸውም ለየብቻ ይታተማል። የመኸሩን ጥራዝ ብቻ ይዞ የደጋውን ምርት ያሰላ ተማሪ ታዲያ ከዓመቱ ገብስ ከፊሉን ጎተራ ውስጥ ትቶ «ምርቱ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ይደመድማል።

የዚሁ ጥናት የታተመ ውጤት ከዞን በታች አይወርድም። መንዝና ግሼ ያሉበት የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ዞን ደግሞ አንድ ዓይነት አገር አይደለም፤ የመሐል ሜዳና የሞላሌ በግና ገብስ፣ ወደ ጀማ የሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ፣ የምንጃር ጤፍ፣ የሸዋ ሮቢት ማሽላ ሁሉ በአንድ አማካይ ይደባለቃሉ። (ኦሮሚያ ውስጥም ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገ ሌላ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ ሁለቱን ያምታታ ሠንጠረዥ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልገውም።) እ.ኤ.አ. በ1994 በ15 መንደሮች 1,477 ቤተሰቦችን ይዞ እስከ 2009 የተከታተለው የገጠር ቤተሰብ ጥናትም ከዚሁ ዞን የደብረ ብርሃን አካባቢንና ዲንኪን አካቷል። የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ከዓመት ዓመት ለመከታተል ብርቅ መረጃ ነው፤ ከዞኑ ተወሰደ ተብሎ ግን ስለ መንዝ አይመሰክርም።

«የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቅርብ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ቅርብ ነው፤ ነገር ግን እዚያው ፋይል ውስጥ የተቆጠረና የተገመተ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የተሠራጨ ማዳበሪያ የገቢና ወጪ ሰነድ አለው። የሄክታር ምርት ግን ብዙ ጊዜ የልማት ሠራተኛው ግምት ነው፤ ግምቱም የሚነበበው ዕቅድ በሚገመገምበት መድረክ ላይ ስለሆነ ወደ ዕቅዱ የመጠጋት ዝንባሌ አለው። የናሙና ጥናቱ በበኩሉ ከማሳው የተወሰነ ቦታ ለክቶ፣ አጭዶ ይመዝናል። ሁለቱ ሲጣሉ ደካማ ጥናት የሚስማማውን በዝምታ ያነሳል፤ ጥሩው ሁለቱንም አቅርቦ የልዩነቱን ምክንያት ይከራከርበታል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ እንዲህ ጥብቅ ከተሆነ ለደጋው ተማሪ ምንም መረጃ አይተርፈውም የሚለው ነው። እውነትም ብዙ አይተርፍም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ እንኳ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ «በነፍስ ወከፍ» የሚባለው ሁሉ በትንበያ ላይ የቆመ ነው። ግን መፍትሔው መረጃውን ማስጨነቅ አይደለም፤ ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «በመንዝ የድህነት መንስኤዎች» ከሚል ርዕስ ይልቅ የመሐል ሜዳ የበግ ዋጋ ከፋሲካ በፊትና በኋላ ስንት ይለያያል የሚለው በአንድ ተማሪ አቅም ይሠራል፤ የበጉ ጾታ፣ ዕድሜና ክብደት ከዋጋው ጋር ከተመዘገበ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የጨመረው ዋጋው ይሁን የበጉ ክብደት አይታወቅም። በመኪና መንገድ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ 150 አባወራ የጠየቀም ያንኑ የመንገድ ዳር ቀበሌ በርዕሱ ላይ ይጻፍ።