የክረምት መንገደኛ ጓዝ በጉና ግርጌ
ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ በክረምት በጉምና በዝናብ ስለሚሸፈን፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚዘልቅ መንገደኛ ጓዙን የሚያሰናዳበት ነባር ልማድ ሊደነቅ የሚገባው ጥበብ ነው። በተለይ በሶ፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት፣ ለሸክም የቀለለ፣ ቶሎ የማይበላሽ፣ እሳት ሳይነድ በውኃ ብቻ ተበጥብጦ የሚጠጣ ወይም ተጨብጦ የሚበላ በመሆኑ፣ ማገዶ በሚርስበት ወቅት ከእርሱ የተሻለ ስንቅ ማግኘት ያዳግታል፤ ገብሱም የዚያው ደጋ ፍሬ ነው። ገሳ የተባለው፣ ከሣር ተጎንጉኖ የሚሠራው የእረኞች የዝናብ ልብስ፣ ውኃውን ቁልቁል ያንሸራትታል፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ የተባለ ካባ ደግሞ ብርዱን ይመክታል። ዛሬ ላስቲክና ጃንጥላ የገሳን ስፍራ በብዛት ወስደዋል፤ በሶ ግን ከመንገደኛው ጓዝ አልወጣም።