ምርኩዝና ሲንቄ፦ የጎልማሳና የአዛውንት ጨዋታ በመድረካችን

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ስፋቱ የሚደንቅ ነው። ሕፃን አፈር ፈጭቶ፣ ውሃ ተራጭቶ ይጫወታል፤ ክራር ደርዳሪ ክራሩን ይጫወታል፤ ተዋናይ በመድረክ ላይ ይጫወታል፤ ቡና የተጠራ ጎረቤት ዝም ሲል ደግሞ የቤቲቱ እመቤት «እስቲ ተጫወቱ እንጂ» ትለዋለች። ይሁን እንጂ ሰው ዕድሜው በገፋ መጠን ቃሉ ከእግሩና ከትከሻው እየሸሸ ወደ ምላሱ ይሰበሰባል። ጎልማሳው «ጨዋታ አዋቂ» የሚባለው ተቀምጦ ወግ ሲያሳምር እንጂ ተነሥቶ ሲረግጥ አይደለም። በገና ሜዳ ጌታ አይቆጣም የሚለው የቆየ ብሂል እንኳ ፈቃዱን የሚሰጠው በዓመት ለአንድ ቀን ነው። በቋንቋው ውስጥ የተፈጸመው ይህ ስደት በመድረካችንም ላይ ተፈጽሟል፤ በዚያ ግን ጉዳቱ የበለጠ ነው።

በተውኔትም ሆነ በባሕል ውዝዋዜ አዛውንቱ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚገባ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። ጥጥ ጢም ለጥፎ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ በምርኩዝ ተደግፎ እየሳለ ይመጣል። ከበሮው ሲመታ ምርኩዙን ወርውሮ እስክስታ ይወርዳል፤ አዳራሹም በሳቅ ይናጋል። ሳቁ የመነጨው ከእንቅስቃሴው ውበት አይደለም፤ ሽማግሌ መጨፈሩ ራሱ ከወግ የወጣ ነገር ነው ከሚል ግምት ነው። በዚያ ላይ ጨፋሪው ሽማግሌ አይደለም። ከጥጥ ጢሙ በታች ያለው ትከሻ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ትከሻ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ የሽማግሌን ጭፈራ ሳያይ ስቆበት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም ከተመሠረተ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም በሩን ከከፈተ ወዲህ፣ በኋላም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ሲፈሉ፣ የሕዝቡ ጭፈራ ከሜዳ ወደ መድረክ ተሸጋግሯል። በ1980 ዓ.ም «ሕዝብ ለሕዝብ» በተባለው ጉዞ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ታይቷል። የእነዚህ ቡድኖች ውለታ የሚካድ አይደለም፤ ብዙው የውዝዋዜ ዓይነት እርስ በርሱ የተዋወቀው በእነርሱ ነው። ነገር ግን መድረክ ክብን ወደ መስመር ለወጠ። በመንደር ጭፈራ ሰው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ የደከመው ያጨበጭባል፤ አረጋዊው ወደ መሐል ገብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ይወጣል፤ ያች ጥቂት ንቅናቄ ከጎረምሳው ዝላይ በላይ እልልታ ታገኛለች። ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ መስመር ግን እኩል ቁመት፣ እኩል ፍጥነት፣ እኩል ዕድሜ ይሻል። አዛውንቱን ያስወጣው የማንም ክፋት ሳይሆን ይህ ቅርፅ ነው።

ነገሩን ለመመርመር ከአርሲ ደጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሁሩታና በዙሪያዋ፣ በስንዴና በገብሱ አገር፣ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር አለቻቸው። ሙሽራ ሲንቄዋን የምትቀበለው በሠርጓ ዕለት ከእናቷ እጅ ነው፤ ያላገባች ልጃገረድ ሲንቄ አትይዝም። ዝናብ ሲጠፋ ወይም ሌላ ጭንቅ ሲመጣ እናቶች ሲንቄያቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየዘመሩ ለአቴቴ ይወጣሉ። በባሏ የተበደለች ሴት ስትጮህም የአካባቢው ሴቶች ቤታቸውን፣ ላማቸውንና ምጣዳቸውን ጥለው ይሰበሰባሉ፤ በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ ካሣ እስኪከፍል ድረስ አይመለሱም። ሥርዓቱ ሕግ ነው፤ ሕጉ የሚነገረው ግን በዜማና በእርምጃ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። መድረካችን ሴትን ከውዝዋዜ የሚያሰናብተው አግብታ ወልዳ በምትከብድበት ጊዜ ነው። አቴቴ ግን በዚያው ጊዜ ይጀምራል፤ የሚመሩትም በዕድሜ የበሰሉት ናቸው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደስታና ቁም ነገር አልተፋቱም፤ በባል ላይ የሚወርደው የስላቅ ግጥም ያስቃል፣ ያው ግጥም ካሣ ያስከፍላል።

በትሩ ብቻውን አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንቱ በአቋቋም ሥርዓት መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ጽናጽል እያንሿሹ ሲያሸበሽቡ፣ ለረጅሙ ቁመት ድጋፍ የነበረው ዘንግ የዜማው መለኪያ ይሆናል፤ ጢሙ የነጣው መሪጌታ ደግሞ ከወጣቱ ዲያቆን ይልቅ ያምርበታል። ከአርሲ ተነሥተው ባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በእግር የሚጓዙ ምእመናንም ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይዘው እያዜሙ ይሄዳሉ። ሦስቱም ዘንጎች የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። የተውኔታችን ምርኩዝ ብቻ የድካም ምልክት ሆኖ ቀርቷል፤ ሽማግሌው ለመጨፈር መጀመሪያ እርሱን መወርወር ይኖርበታል። ይህ የአዘጋጆቻችን የምልከታ ድህነት ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ የመድረክ አይደለም። በ1960 ዓ.ም ገደማ በስዊድን እርዳታ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በአርሲ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፋ፤ በዚያው ዘመን ባለ ርስቶች ያስገቡት ትራክተር ጭሰኛውን አፈናቀለ። ዛሬ ሜዳማውን የስንዴ ማሳ ኮምባይነር በጥቂት ሰዓት አጭዶ፣ ወቅቶ ይጨርሰዋል። በሬ እያበራዩ፣ በመንሽና በላይዳ እህል እያነሡ ለቀናት የሚደከመውን ድካም ማንም አይናፍቅም፤ ሊናፍቀውም አይገባም። ሆኖም ጎልማሳ ወንድ ያለ ኀፍረት በዜማ የሚወዛወዝበት ቦታ አውድማ ነበር። ማሽኑ ድካሙን ሲወስድ ያንን ፈቃድም አብሮ ወሰደው፤ ምትክ ያበጀለት የለም። በእናቶችም በኩል በእስልምናም ሆነ በክርስትና ውስጥ አቴቴን ባዕድ አምልኮ ነው የሚሉ ትምህርቶች ሲበረቱ በብዙ ስፍራ ሥርዓቱ ቀንሷል።

አርሲ በዓለም የታወቀችው በሯጮቿ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። አሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ጥሩነሽ ዲባባንና ቀነኒሳ በቀለን አፍርተዋል። ቀነኒሳ በ2016 ዓ.ም በለንደን ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ የ41 ዓመት ሰው ነበር። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ዕድሜን ድል ነሣ የሚለው ውዳሴ ግን መመርመር አለበት። ሩጫ በሰዓት ይለካልና ጎልማሳው የሚደነቀው ወጣቱን በመምሰሉ ነው። ጨዋታ ግን ሰዓት የለውም። የመሪጌታው ሽብሸባም ሆነ የእናቲቱ እርምጃ ከማንም ጋር አይወዳደርም፤ ዝግ ማለቱ ጉድለት ሳይሆን ስልቱ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን በመድረክ ፈትኖታል። ጃፓናዊው ካዙኦ ኦኖ ዝነኛ የሆነበትን የብቻ ዳንስ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያቀርብ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ እጆቹ ብቻ እስኪቀሩ ድረስም ጨፍሯል። ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ በ1978 ያዘጋጀችውን «ኮንታክትሆፍ» እ.ኤ.አ. በ2000 ዕድሜያቸው ከ65 በላይ በሆኑ፣ ሙያቸው ዳንስ ባልሆነ ሰዎች ደግማ አቀረበችው። ሰዎቹ ወጣት ለመምሰል አልሞከሩም፤ ሥራውም ያንኑ በመተው አዲስ ትርጉም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከ75 ዓመት በላይ በሆናቸው 469 አሜሪካውያን ላይ የታተመ የሕክምና ጥናት ደግሞ አዘውትረው የሚደንሱት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ማግኘቱን ገልጿል፤ ዳንሱ ለዚህ ምክንያት መሆኑን ግን አላረጋገጠም። ኪነ ጥበብ የሐኪም ማዘዣ አያስፈልገውም።

እኛ ዘንድ አቴቴ በመድረክም በቪዲዮም ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ሲንቄ ይዘው የሚታዩት ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላቸው ልጃገረዶች ናቸው። አለባበሱ ያምራል፤ ዜማውም አልተዛባም። ነገር ግን የአርሲ ተመልካች በመጀመሪያው እይታ አንድ ነገር ያነባል፦ ይህች ልጅ በትሩን ከማን ተቀበለች? ጥያቄው የጌጥ አይደለም፤ ሲንቄ ያለ ጋብቻ፣ ያለ እናት እጅ፣ ያለ ዓመታት ትርጉሟ ባዶ ስለሆነ መላው ትርኢት እዚያው ይፈርሳል። በሁሩታ የገበያ ቀን ሥርዓቱን የሚያውቁ የአርባና የስድሳ ዓመት ሴቶችን ማግኘት ለአዘጋጅ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያስቸግረው የልምምድ ሰዓት ነው፤ ላሞቹ ከታለቡና ቡናው ከተጠጣ በኋላ ቢሆን ይቻላል።