ሞታ ያልተቀበረች ሥዕል

ሂስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ቴአትር ነው። የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍን ማንም አያስታውስም። ለምን እንደተረሳ አይገባኝም። እንደ መማሪያ መጽሐፍ በብዙ እጅ የሚገላበጥ፣ በቃል የሚሸመደድ፣ የስንቱ ወጣት እንጀራ የሚወሰንበት ሌላ ምን ጽሑፍ አለን? ስለዚህ ዛሬ አንድ ምዕራፍ እንደ አንድ ድርሰት ላነብ ነው፤ «የአቶም አወቃቀር» የሚለውን። የመጽሐፍ ስም አልጠራም። ምዕራፉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከአገር ወደ አገር እየተገለበጠ የኖረ ስለሆነ ባለቤቱ እገሌ ነው ማለት ያስቸግራል።

ለዚህ ያነሳሳችኝ የእህቴ ልጅ ናት። 11ኛ ክፍል ናት፤ በኬሚስትሪ የምትታማ አይደለችም። አንድ ማታ እናቷ ሞባይሏን ትራስጌዋ እያስቀመጠች «ጨረር አለው ይላሉ፤ አንቺ ተምረሽ የለም እንዴ? እንደ ራጅ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ዝም አለች። ደብተሯን ተቀብዬ ሳገላብጥ የሞገድ ርዝመትንና ድግግሞሽን እያባዛች፣ የብርሃንን ፍጥነት ለአንዱ እያካፈለች የሠራቻቸው ጥያቄዎች ሁለት ገጽ ሞልተዋል፤ ሁሉም «ትክክል» ተብለው ታርመዋል። ከዚያ በፊት ባለው ገጽ ላይ ደግሞ በእርሳስ በጥንቃቄ የተሣለ አቶም አለ፤ መሐሉ ላይ ድብልብል ኒውክለስ፣ ዙሪያውን እንደ ፕላኔት የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች።

«ይኼ ሥዕል ከነዚህ ስሌቶች ጋር ምን ያገናኘዋል?» አልኳት።

«እሱ ሌላ ርዕስ ነው፣ አጎቴ» አለችኝ።

ሂሴ የሚያርፈው እዚህች መልስ ላይ ነው። ልጅቱ አላጠፋችም፤ መጽሐፉ ያላትን ነው የደገመችው። ነገር ግን ሌላ ርዕስ አይደለም። ሁለተኛው ርዕስ የመጀመሪያውን የገደለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1909 ማንቸስተር ውስጥ ሃንስ ጋይገርና ገና የ20 ዓመት ተማሪ የነበረው ኧርነስት ማርስደን አልፋ የተባሉትን ቅንጣቶች በስስ የብረት ቅጠል ላይ ያስወነጭፉ ነበር። አብዛኞቹ ምንም እንዳልገጠማቸው ያልፋሉ፤ ከ8000 አንዷ ያህል ግን ወደ መጣችበት ትመለሳለች። አለቃቸው ራዘርፎርድ ነገሩን ሁለት ዓመት ሲያሰላስል ቆይቶ በ1911 የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ እጅግ ጠባብ በሆነ እምብርት ውስጥ ታጭቋል፤ የቀረው ባዶ ነው አለ። ከዚያ በፊት የነበረው የቶምሰን ሐሳብ አቶምን ኤሌክትሮኖች የተሰገሰጉበት እብጥ ያለ ነገር አድርጎ ያየው ነበር። መጽሐፎቻችን ይህንን «ፕለም ፑዲንግ» እያሉ ያስተምሩታል። ስሙን ያወጣው ቶምሰን ራሱ እንኳ አይደለም። ፑዲንግ የሚባለውን ምግብ በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ ያልታወቀውን አቶም ባልታወቀ ምግብ እንዲረዳ ይጠየቃል። «ዘቢብ የገባበት ዳቦ» ለማለት ምን ያህል ድካም ይጠይቅ ነበር?

ወደ ራዘርፎርድ ልመለስ። ባዶ ሜዳ መሐል የተቀመጠ ከባድ እምብርትና በሩቅ የሚዞሩ ቀላል ኤሌክትሮኖች ሲባል የሰው ልብ ወዲያው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ፀሐይና ፕላኔቶቿ! ሰው ትልቁ ዓለምና ትንሹ ዓለም አንድ መልክ እንዲኖራቸው ይወዳል፤ ሥዕሏም ይህን ምኞት ስለምታረካ ውብ ናት። በቅኔ ቋንቋ ብናስቀምጠው ሰሙ ፕላኔት፣ ወርቁ ኤሌክትሮን ነው። ሰም ግን የሚያገለግለው ቀልጦ ወርቁን እስኪለቅ ነው። እኛ ወርቁን ጥለን ሰሙን ነው ለልጆች ያቀበልነው።

የዚህች ሥዕል በሽታ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር። ማክስዌል በ1860ዎቹ ባቆመው ሕግ መሠረት፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነገር ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር ጨረር ይረጫል። የሬዲዮ ጣቢያ አንቴና የሚሠራውም በዚሁ ነው። ክብ እየሠራ የሚዞር ኤሌክትሮን ደግሞ በየቅጽበቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ስለዚህ ያለማቋረጥ መርጨት፣ በረጨም ቁጥር ጉልበት መክሰር፣ በከሰረም ቁጥር ወደ መሐል መጠጋት አለበት። ስሌቱ እንደሚለው ኤሌክትሮኑ ኒውክለሱ ላይ የሚወድቀው በሴኮንድ አንድ መቶ ቢሊዮንኛ ገደማ ነው። ሥዕሏ እውነት ብትሆን ኖሮ ምጣዱም እንጀራውም፣ ይህን መጽሔት የያዘው እጅም ባልኖሩ ነበር።

እንግዲህ የምዕራፉን አደረጃጀት ተመልከቱ። አንደኛው ክፍል አቶምን እንደ ፕላኔት ይሥላል። ሁለተኛው «ኤሌክትሮማግኔታዊ ጨረር» ብሎ ይነሣና ቀመር ሰጥቶ ያልፋል። ሁለቱ በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ የተኳረፉ ጎረቤቶች ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። ተማሪው መጣላታቸውን እንኳ አያውቅም። በምዕራፉ ውስጥ ያለው አንድ እውነተኛ ድራማ፣ አንባቢን ከወንበሩ ብድግ የሚያደርገው ጠብ፣ ተቆርጦ ወጥቷል። ይህን የሚያደርግ ልብ ወለድ ብናገኝ «ሴራ የለውም» ብለን እንጥለው ነበር።

ደራሲዎቹ ሴራውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ማድ ቤት ይገኛል። ጨው የገባበት ወጥ ገንፍሎ የቡታጋዙን ሰማያዊ ነበልባል ሲነካው ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ይህ ቢጫ የሶዲየም ፊርማ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ገደማ፣ አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ። ጨው የትም ይቃጠል የት፣ ፊርማው አይለወጥም። ሂሊየም የተባለውን ንጥረ ነገር ሰዎች መጀመሪያ ያወቁት መሬት ላይ ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ባልታወቀች አንዲት ቢጫ መስመር። ዘመኑ 1868 ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱበት ዓመት። መሬት ላይ ራምዜ እስኪያገኘው ድረስ 27 ዓመት አለፈ።

የሃይድሮጅን ፊርማ ደግሞ ለዐይን የሚታዩ አራት መስመሮች አሉት፤ 656፣ 486፣ 434 እና 410 ናኖሜትር። በ1885 ዮሐን ባልመር የተባለ፣ ባዝል ከተማ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚያስተምር የ60 ዓመት ሰው ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ሲጫወት አራቱንም የምታወጣ አንዲት አጭር ቀመር አገኘ። ለምን እንደምትሠራ እሱም አላወቀም፤ ማንም አላወቀም። እንዲህ ያለ ሰው በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ገጽ እሰጠው ነበር። አስተማሪ ነበራ!

ባልመር ቀመሩን ባወጣበት ዓመት ኮፐንሃገን ውስጥ የተወለደው ኒልስ ቦር በ27 ዓመቱ፣ በ1913 መጀመሪያ፣ ያቺን ቀመር አንድ ባልደረባው አመለከተው። ቦር ያኔ በራዘርፎርድ አቶም መውደቅ ተጨንቆ ነበር። ቀመሯን ሲያይ መንገዱ ተገለጠለት። ፕላንክ በ1900፣ አይንሽታይን በ1905 ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠውና የሚቀበለው በተቆራረጠ መጠን ነው ብለው ነበር። ቦርም ኤሌክትሮን የትም ሆኖ መዞር አይችልም፤ የተፈቀዱለት ደረጃዎች አሉ፤ በእነዚያ ላይ እስካለ ድረስ አይረጭም፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ ብቻ የልዩነቱን ያህል ብርሃን ይሰጣል አለ። የሃይድሮጅን ሦስተኛ ደረጃ ከሁለተኛው በ1.89 ኤሌክትሮንቮልት (ይህ የአቶም ዓለም የጉልበት መለኪያ ነው) ይበልጣል። ይህንን ወደ ሞገድ ርዝመት ብትለውጡት 656 ናኖሜትር ይመጣል። ቀይዋ መስመር! የእህቴ ልጅ ይህችኑ ስሌት ደብተሯ ላይ ሠርታዋለች፤ መልሷም ትክክል ነው። በመጨረሻ ያገኘችው ቁጥር ቀለም መሆኑን ግን የነገራት የለም።

«ሕፃን በቀላሉ ይጀምር እንጂ፤ እውነቱን ሲያድግ ይደርስበታል» የሚሉ መምህራን አሉ። ነጥባቸውን አልንቅም። የቦር ሥዕል ቂል አልነበረችም፤ በ1922 የኖቤል ሽልማት አስገኝታለች፤ ለሃይድሮጅንም ታምራለች። ግን ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያለውን ሂሊየም ስትጠየቅ መልስ አጣች። ከዚያ በ1924 ደ ብሮይ ኤሌክትሮንም የሞገድ ጠባይ አለው አለ፤ በ1926 ሽሮዲንገር የሞገዱን ስሌት ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ማክስ ቦርን ሞገዱ የሚነግረን ኤሌክትሮኑ የት የመገኘት ዕድል እንዳለው ነው አለ፤ በ1927 ሃይዘንበርግ ቦታውንና እንቅስቃሴውን አንድ ላይ በትክክል መያዝ እንደማይቻል ሲያሳይ «መንገዱ ይህ ነው» ማለት ትርጉም አጣ። በሃይድሮጅን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ ኤሌክትሮን እንዲያውም ጨርሶ አይዞርም። ሥዕሏ ከተወለደች በ16 ዓመት ሞታለች ማለት ነው። ተረት ተረት ብለን የምንጀምርለት ሕፃን የሚሰማው ተረት መሆኑን ያውቃል። ይህኛውን ግን ማን «ተረት ተረት» ብሎ ጀመረለት?

የቃሉ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሳይንቲስቶቹ ምሕዋርን ከሻሩ በኋላ ለአዲሱ ነገር ስም ሲያስፈልጋቸው አሜሪካዊው መሊከን በ1932 «ኦርቢት» ከሚለው «ኦርቢታል» የሚል ቃል አወጣ። የሟቹን ኮት ለልጁ እንደማልበስ ነው። በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጃችን በሁለቱ መካከል የሚሰማው የአንዲት ፊደል ልዩነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎችም ሁለቱን «ምሕዋር» ካልን ያንኑ ስሕተት መድገማችን ነው። ምሕዋር የመሄጃ መንገድ ነው፤ እዚህ መንገድ የለም። በበኩሌ «ኦርቢታል»ን እንዳለ መበደር ወይም «የኤሌክትሮን ደመና» ማለት ይሻለኛል። ደመናም ዘይቤ ነው፤ ቢያንስ ግን አያዞርም። በሌላ በኩል «ድግግሞሽ»ን የመረጠውን ሰው አመሰግነዋለሁ፤ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ነገሩን ይገልጣል።

ስለ መጠንም አንድ ነገር ልበል። በደብተሩ ላይ ኒውክለሱ እንደ ሽምብራ፣ ኤሌክትሮኑ ደግሞ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ይሣላል። የሃይድሮጅን ኒውክለስ አንድ ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ሽምብራ ብትሆን ኤሌክትሮኑን የምንፈልገው 300 ሜትር ያህል ርቀን ነው፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ቢቀጠል ማለት ነው። ገጹ አይበቃም፤ እሺ። ግን «ገጹ አልበቃንም» ብሎ ከሥዕሉ ሥር መጻፍ ይቻል ነበር።

የእናትየው ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እኛ «ጨረር» ስንል ሆስፒታልና ፍርሃት ይታየናል። ምሳ የምናሞቅበት ማይክሮዌቭ፣ የኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ የሻማ ብርሃን፣ ራጅ፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚለያዩት በድግግሞሽ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ ሞገዱ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ዐይናችን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለችውን ቀጭን ወሽመጥ ብቻ ነው። ኤሌክትሮንን ከሃይድሮጅን አቶም ለመንቀል 13.6 ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል። የራጅ አንዷ ፎቶን በሺዎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ስላላት ትነቅላለች። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሞባይል የምትለቀው ፎቶን ግን ከሚያስፈልገው ከሦስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታንሳለች፤ ብትበዛም ተጋግዛ አትነቅልም፤ የምታደርገው ማሞቅ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስልክ ትራስጌ አድርጎ መተኛትንም አላበረታታም። «እንደ ራጅ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ «አይደለም» ነው፤ መልሱን ለመስጠት የሚያስፈልገው ሁሉ ደግሞ በልጅቱ ደብተር ውስጥ ነበር፤ በሁለት ርዕስ ተከፍሎ።

በማግስቱ ማታ አንድ የድሮ ሲዲ ይዤ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አምፖል ያ ነጩ፣ ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ ነው። ሌላውን መብራት አጥፍተን ሲዲውን አጋድላ ነጸብራቁን እንድታይበት ሰጠኋት። መጀመሪያ ያየችው በባለ ሽቦው አምፖል ስለነበር ቀለሞቹ እንደ ቀስተ ደመና ተያይዘው ነበር የመጡላት። አሁን ግን ቀዩ ለብቻው፣ አረንጓዴው ለብቻው፣ ሰማያዊው ለብቻው ቆመዋል።

«መካከሉ ለምን ጨለመ?» አለች።

መልስ ሳልሰጣት ደብተሯን ልታመጣ ገባች።