የበሽታው ስም ፍርድ አይሆንም፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የግብረ ገብ ሚዛንና የወንጀል ኃላፊነት

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሌላው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ሁለት ብያኔዎች ይቀድማሉ። አንዱ «ታሟልና ክፉና ደጉን አይለይም» የሚል ነው። ሌላው «ከፈጸመ በኋላ መሸሹ ማወቁን ያሳያል» ይላል። ሁለቱም ከሕክምና ዕውቀት ጋር አይስማሙም።

ጎረቤቱ ሊገድለው እንደ ተነሣ ሕመሙ ያሳመነው ሰው ነፍስ ማጥፋት ክልክል መሆኑን ላይስት ይችላል። የተዛባበት ሕጉ ሳይሆን ሕጉን የሚያውልበት እውነታ ነው፤ በእርሱ ዓይን የሚፈጽመው ራስን መከላከል ነው። በአንጻሩ ይኸው ሕመምተኛ በድንበር ክርክር ተቆጥቶ፣ ሕመሙ ሳይገፋው፣ ሊማታ ይችላል። የበሽታው ስም በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ድርጊቶቹ ግን አንድ አይደሉም።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 የሚጠይቀው ተከሳሹ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት ለመረዳት፣ ወይም በዚያው መሠረት ራሱን ለመግታት ይችል እንደ ነበር ነው። አንቀጽ 49 ችሎታው በከፊል የተጓደለበትን ይመለከታል። ሆኖም «ምንነት» የሚለው ቃል ቢላ መሰንዘርን ብቻ ይሁን ወይስ የድርጊቱን ነውርነትም ይጨምር ሕጉ አያብራራም። የጎረቤቱን ጥቃት የፈራው ሕመምተኛ ዕጣ የሚንጠለጠለው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱን የሚያስረው በተረጋገጠ የሳይንስ ግኝት እንጂ ባለሙያው በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም። ስለዚህ «ስኪዞፍሬንያ አለበት» ብቻ የሚል የምስክር ወረቀት ከሚፈለገው ያንሳል፤ «ኃላፊነት የለበትም» የሚለው ደግሞ ከሥልጣኑ ያልፋል። መጻፍ ያለበት በመካከል ያለው ነው፦ ሕመምተኛው ምን ያምን እንደ ነበር፣ ምን ድምፅ ይሰማ እንደ ነበር፣ እንቅልፉ፣ መጠጡ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠበት ጊዜ፣ ድርጊቱ ከዚያ እምነት ጋር የነበረው ግንኙነት።

ይህ ሥራ የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሃቤቴ ሕመምተኛን በአብዛኛው አስቀድሞ የሚያየው የጤና ጣቢያ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ነው። የልዩ ሐኪም ምርመራ ከወራት በኋላ ሲደረግ፣ በሕክምናም ሆነ በጊዜ ብዛት የሕመሙ ምልክት ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በካርዱ ላይ የሰፈረው ቃል ያን ጊዜ ብቸኛው ምስክር ይሆናል።

ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም፤ ብዙዎች ራሳቸው ይደበደባሉ፣ ይታሰራሉ። ያልታከመ ሕመም፣ መጠጥና ቀደም ሲል የተፈጸመ ጥቃት ግን አደጋውን ያበዛሉ። በጊዜው የተሰጠ መድኃኒትና ክትትል ለሕመምተኛውም ለጎረቤቱም ከፍርድ ቤት ቀድሞ የሚደርስ ፍትሕ ነው።