መልክና መለያ፦ በስልክ ምልክቶች መመሳሰል ላይ የቀረበ ሂስ

ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ዛሬ አዘውትረው የሚያዩት ገጽ የስልካቸው የፊት ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ሥዕሎች፣ በተለምዶ አይከን የምንላቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድን መተግበሪያ ይወክላሉ። ነገሩ ተራ ቢመስልም ሥዕሎቹ የሚነበቡ ምልክቶች በመሆናቸው፣ ማንበብን የምናስተምር እኛ መምህራን ልንመረምራቸው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ምልክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይኑራቸው» የሚለውን፣ በቅርብ ዓመታት እየጠነከረ የመጣውን አሠራር ነው።

አሠራሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ቀደም ሲል እያንዳንዱ አዘጋጅ ምልክቱን በፈለገው ቅርጽ ይሥል ስለነበር፣ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ክቡ ከአራት ማዕዘኑ፣ ትልቁ ከትንሹ ተደባልቆ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ለዚህ መፍትሔ አቀረበ። አዘጋጁ የምልክቱን ጀርባና ፊት ለየብቻ፣ በ108 በ108 መለኪያ እንዲሥል ተደረገ። ዋናው ሥዕል በመካከለኛው 66 ውስጥ ከተወሰነ፣ ስልኩ ዳሩን በክብም ሆነ በአራት ማዕዘን ቢቆርጠው የሚጎድል ነገር አይኖርም። በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ደግሞ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል እንዲጨመርበት ለአዘጋጆች ሁሉ መንገድ ከፈተ። ባለ ስልኩ ከፈለገ ምልክቶቹ የየራሳቸውን ቀለም ትተው፣ ከስልኩ የጀርባ ሥዕል የተወሰደ አንድ ቀለም ይለብሳሉ። ይሁን እንጂ ብዙ አዘጋጆች ይህን ሥዕል ስላላቀረቡ ገጹ ግማሹ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ግማሹ ያልለበሰ የተማሪዎች ሰልፍ መሰለ። ተጠቃሚዎችም አዘጋጆቹን «ምልክታችሁን አስተካክሉ» እያሉ መወትወት ያዙ። አፕልም በ2024 በአይኦኤስ 18 ምልክቶቹን ሁሉ በአንድ ቀለም መንከር የሚቻልበትን ምርጫ አቀረበ። በ2025 ደግሞ አዘጋጁ ባያሰናዳውም ስልኩ ራሱ ምልክቱን ባለ አንድ ቀለም የሚያደርግበት ዘዴ ከአንድሮይድ 16 ማሻሻያ ጋር መጣ።

የአሠራሩን መልካም ጎን አለመጥቀስ ሚዛናዊ አይሆንም። የተስተካከለ ገጽ ዓይንን ያሳርፋል። በደማቅ ቀለም እየተሽቀዳደሙ «እኔን ክፈት» የሚሉት መተግበሪያዎችም ጩኸታቸው ይቀንሳል። ምርጫው በባለ ስልኩ እጅ እስከሆነ ድረስም የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» እንደሚባለው፣ የምልክት የመጀመሪያ ተግባር ማማር ሳይሆን አንዱን ከሌላው መለየት ነው። ሂሳችንም የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ጉግል በ2020 ያደረገው ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት ጂሜይል ቀይና ነጭ ፖስታ ነበር፤ ካላንደርም ሰማያዊ ነበር። በለውጡ ጂሜይል፣ ካላንደር፣ ድራይቭና ሚት ሁሉም ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለሞችን በአንድነት ለበሱ። ድርጅቱ የአንድ ቤተሰብ መልክ አገኘ፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት እንደተቸገሩ ተናገሩ። አራቱ ቀለሞች የሚነግሩን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። ባለ ስልኩ ግን የሚፈልገው ደብዳቤውን ነው እንጂ የድርጅቱን ማንነት አይደለም።

መመሳሰልና መለየት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከፊደላችን እንማራለን። ለ፣ በ፣ ከ ካዕብ ሲሆኑ ከወገባቸው በስተቀኝ ቅጥያ ይጨምራሉ፦ ሉ፣ ቡ፣ ኩ። ሣልስ ሲሆኑ ቅጥያው ወደ እግራቸው ይወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ኪ። ደንቡ አንድ ነው፤ የእያንዳንዱ ፊደል አካል ግን ስላልተነካ ቡን ከኩ ጋር የሚያምታታ የለም። ደንቡ በማይመችበት ቦታም ፊደሉ አልተገደደም፤ ቀኝ እግር የሌላቸው ረና ፈ ካዕባቸውን ሩ፣ ፉ ብለው በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ከዚህ የምንረዳው መመሳሰሉ በቅጥያው ላይ፣ ልዩነቱ በአካሉ ላይ ሲሆን ንባብ እንደሚቀና ነው። የ2017ቱ አሠራር ለዚህ ይቀርባል፤ ዳሩን አስተካክሎ መካከሉን ለአዘጋጁ ትቶለታልና። የ2020ው ለውጥ ግን የመለያውን ድርሻ ለመመሳሰል አሳልፎ ሰጠ።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው የተጎጂው ማንነት ነው። ከምልክቱ ሥር በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም የሚያነብ ሰው ቀለሙ ቢለወጥም መንገዱን አያጣም። ማንበብ ያልተማሩ ወላጆች፣ ላቲን ገና ያልለመዱ ልጆች፣ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ግን «ቀዩን ንካ፣ ሰማያዊውን ንካ» ተብለው በቃል የተማሩት ነገር በአንድ ሌሊት ማሻሻያ ይጠፋባቸዋል። የአይኦኤስ 18 ምርጫ ምልክቶቹን አተልቆ ስማቸውን እስከማስወገድ ይደርሳል፤ እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ከሥዕሉ በቀር የሚመራ ነገር አይቀርም።

ታዲያ ጥፋቱ የአንድ ቀለም ነውን? አይደለም። ሱዛን ኬር በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ምልክቶችን የሠራችው በጥቁርና በነጭ ብቻ፣ 32 በ32 በሆነ የነጥብ ሰሌዳ ላይ ነበር። ፈገግ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ደህና መሆኑን፣ ቦምቡ ደግሞ ችግር መድረሱን ያለ ቀለም ይናገሩ ነበር። እንዲያውም ቀለም ሲነሣ የሥዕሉ ጥንካሬ ይፈተናል። ፈተናውን ያለፈ ምልክት ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረውንም ሰው ያገለግላል። ስለዚህ አዘጋጆች ባለ አንድ ቀለሙን ሥዕል ማሰናዳታቸው ተገቢ ነው፤ ሥራውን ለስልኩ ከመተው ራሳቸው ቅርጹን አጥርተው ቢሥሉት ይሻላል። በጥላው ብቻ የማይታወቅ ምልክት ግን መሻሻል የሚገባው ከቅርጹ ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊሠሩበት ይችላሉ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለቤተ መጻሕፍት፣ ለክሊኒክ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለርእሰ መምህሩ ቢሮ ምልክት ይሣሉ፤ አራቱም በእኩል ክብ ውስጥ፣ በእርሳስ ብቻ ይሁኑ። ከዚያ ስሙን ሸፍነው ለሌላ ክፍል ተማሪዎች ያሳዩና ስንቱ በትክክል እንደታወቀ ይቁጠሩ። ያልታወቀውንም ሥዕል ለምን እንዳልታወቀ ተወያይተው እንደገና ይሣሉት። በዚህ ሥራ ተማሪው የሥዕልን ውበት ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን የሚያየውን ሰው ማሰብንም ይለማመዳል።