የቢዜን ሸክላና የእሳት ድርሻ

በጃፓን አገር፥ በኦካያማ ክፍል በኢምቤ መንደር የሚሠራውን የቢዜን ሸክላ የሚያመሰግኑ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ይደጋግማሉ፤ ይኸውም ዕቃውን ያስጌጠው እሳቱ እንጂ የሰው እጅ አይደለም የሚል ነው። ያናጊ ሶኤትሱም (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1889–1961) ስማቸው ያልታወቀ ባለእጆች ሳያስቡት ውበትን ያስገኛሉ ብለው ስላስተማሩ አሳቡ ሥር ሰደደ። ትምህርታቸው ክቡር ነው፤ በ1936 በቶኪዮ ባቋቋሙት ቤተ መዘክር የተናቀውን የገበሬ ገንቦ ለክብር አብቅተውታልና። ስለ ቢዜን እቶን ሲነገር ግን ልክ አይመስለኝም።

እስቲ ሥራውን እንመልከተው። የቢዜን ሸክላ የመስተዋት ቅብ አያውቅም። አፈሩ ከሩዝ እርሻ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ፥ ብረት የበዛበት ጭቃ ነው። ዕቃው ደርቆ በእቶኑ ውስጥ ከተደረደረ በኋላ፥ የቀይ ጥድ ማገዶ ዐሥር ቀንና ከዚያም በላይ ሌት ተቀን ይነድበታል፤ ሙቀቱም ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ነበልባሉ ያነሣው ዐመድ በዕቃው ትከሻ ላይ ዐርፎ ሲቀልጥ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል፤ ጃፓኖችም «ጎማ» ይሉታል፥ ሰሊጥ ማለታቸው ነው (በእኛ ጆሮ ሌላ ነገር ቢያሰማም)። የሩዝ ገለባ የተጠመጠመበት ዕቃ በሌላ ዕቃ ውስጥ ተከልሎ ሲተኮስ ደግሞ፥ የገለባው ፖታሲየም ከጭቃው ብረት ጋራ ይዋሐድና ገለባው ባረፈበት ሁሉ ቀይ መስመር ይወጣል። በፍምና በዐመድ የተቀበረው አየር አጥሮት ይጠቁራል።

እንግዲህ ገለባውን የጠመጠመው ማን ነው? የትኛው ገንቦ ከእሳቱ አፍ አጠገብ፥ የትኛውስ ከበስተኋላ እንዲቆም የወሰነው ማን ነው? እሳቱ በመጨረሻ ምን እንደሚሥል ሠሪው በርግጥ አያውቅም፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን ያውቃል፥ መንገዱንም ያበጀለታል። ካኔሺጌ ቶዮ (1896–1967) በ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ፥ በሞሞያማ ዘመን የነበረውን የቢዜን መልክ መልሰው ያገኙት አፈሩንና አተኳኮሱን ሲመረምሩ ደክመው ነው እንጂ በዕድል አይደለም። መንግሥታቸውም በ1956 «ሕያው የአገር ቅርስ» የተባለውን ማዕርግ ሰጣቸው።

የያናጊ ወዳጅ ካዋይ ካንጂሮ ይኸንኑ ማዕርግ አልቀበልም አሉ፤ በዕቃቸውም ላይ ስማቸውን አይጽፉም ነበር። ትሕትናቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ያ ያልተፈረመበት ዕቃ ከሌሎች ሰዎች ሥራ ጋራ ቢደረደር፥ የለመደ ዓይን የካዋይ መሆኑን ወዲያው ይለየዋል።