«በስኬት ተጠናቀቀ» ከተባለ በኋላስ? የኩላሊት ንቅለ ተከላ ዜናን ከአምቦ መንገድ ሲያነቡት

ይህን ዜና ሳታነቡት አትቀሩም፦ «የኩላሊት ንቅለ ተከላው በስኬት ተጠናቀቀ።» ፎቶም አለው። አረንጓዴ ልብስ የለበሱ ሐኪሞች ተደርድረው ቆመዋል፣ ታማሚው አልጋው ላይ ሆኖ ፈገግ ብሏል። በቃ፣ ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል።

የዛሬው ትችቴ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በሐኪሞቹ ላይ አይደለም። «ስኬት» የምትለው ቃል ምን እንደምትናገርና ምን እንደምትደብቅ እንድናይ ነው። ለምን ይጠቅማችኋል? አንድ ቀን ወንድማችሁ ወይም እናታችሁ ኩላሊት ቢያስፈልጋቸው «ማን ይስጥ?» የሚለው ጥያቄ ወደ እናንተ ሊመጣ ስለሚችል ነው።

መጀመሪያ ክብር ለሚገባው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር (እ.ኤ.አ. 2015) በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አብረው ሠርተዋል፣ አሠልጥነዋል። ከዚያ በፊት አማራጩ ሁለት ነበር፦ አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ የሌለው ፎቶው መኪና ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ «ወገኖቼ፣ እርዱኝ» ይባልለታል። ይህን በአገር ውስጥ መሥራት መቻል ትልቅ ነገር ነው፣ አራት ነጥብ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም። የታመሙት ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም፣ ባሉበት ይቀራሉ። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ከእምብርት በታች፣ በጎን በኩል ነው። ወደ እግር ከሚወርዱት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ጋር ደም ወሳጁም ደም መላሹም ይሰፋል፣ የሽንት ቧንቧው ደግሞ ከፊኛ ጋር ይገናኛል። ከለጋሹ ብዙ ጊዜ የግራው ኩላሊት ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የግራው ደም መላሽ ቧንቧ ረዘም ስለሚል ለመስፋት ይመቻል። ከሕያው ለጋሽ የመጣ ኩላሊት አንዳንዴ ታማሚው ገና ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ሳይወርድ ሽንት ማውጣት ይጀምራል። ሐኪሞቹ በደስታ ፎቶ ቢነሱ አይፈረድባቸውም!

የፎቶው ቀን እና አምስተኛው ዓመት

ግን ያ ቀን መጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ ዶ/ር ጆሴፍ መሪ የዓለምን የመጀመሪያ ስኬታማ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሠሩ። ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን «ባዕድ ነው» ብሎ አልተዋጋውም። ተቀባዩ ሪቻርድ ሄሪክ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። እንግዲህ ስኬቱ የቱ ነው? የዚያን ቀኑ ቀዶ ጥገና ወይስ ስምንቱ ዓመት? ለሪቻርድ ስምንቱ ዓመት ነው።

መንትያ የሌለን ሰዎች ደግሞ መድኃኒት ያስፈልገናል። የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆናችሁ፣ የሕዋስ መለያችሁ ከወንድማችሁ ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ፣ በግማሽ የመግጠም ዕድሉ 50 በመቶ፣ ጨርሶ ያለመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢገጥም እንኳ ተቀባዩ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ከእነዚህ ዋናው ታክሮሊመስ ነው። መጠኑ በደም ውስጥ እየተለካ ይስተካከላል። ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ያጠቃዋል፣ ከበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል።

አሁን ይህን ወደ እኛ አገር አምጡት። መከላከያው የለዘበ ሰው በቲቢ በቀላሉ ይያዛል። የቲቢው ዋና መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ታክሮሊመስን ቶሎ እንዲያቃጥለው ያደርጋል። አያችሁ ወጥመዱን? አንዱን በሽታ ለማዳን የተሰጠው እንክብል፣ መጠን የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ፣ የተተከለውን ኩላሊት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የጉደር ወይም የባኮ ልጅ ቲቢ ሲይዘው የመጀመሪያውን መድኃኒት የሚጽፍለት የጤና ባለሙያ ስለ ታክሮሊመስ ማወቁ ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ያ ባለሙያ ግን ፎቶው ላይ የለም።

በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ መሠረት ከሕያው ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ከአንድ ዓመት በኋላ የሚሠራው ከ100 ከ95 በላይ በሚሆኑት ሰዎች ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ 85 እና 90 መካከል ይወርዳል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ጊዜ እንደተለጠፈበት አስተውሉ። ጊዜ ያልተለጠፈበት «ስኬት» ገና አልተለካም።

ያልተቆጠሩት

ሁለተኛው ትችቴ ስለ ሒሳብ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የኩላሊት እጥበት ማለት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መቆየት ነው። አንድ የአምቦ ሰው አዲስ አበባ እየተመላለሰ ልታጠብ ቢል ደርሶ መልስ 230፣ በሳምንት 690፣ በአራት ሳምንት 2,760 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከጌዶ ቢሆን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የሚኒባሱን ሒሳብ፣ የቀረውን ሥራ፣ አብሮ የሚሄደውን አስታማሚ እናንተ ደምሩበት። ቤት ተከራይቶ አዲስ አበባ መቀመጥም የራሱ ወጪ አለው።

እጥበት ንቅለ ተከላውን እስኪያገኙ ድረስ መቆያ ድልድይ ነው። ድልድዩን መሻገር ያቃተው ሰው ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ አይደርስም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የልብ ወለድ ቁጥር እንጠቀም። ከአንድ አካባቢ 100 ሰዎች ኩላሊት ያስፈልጋቸዋል እንበል። 10ሩ ለቀዶ ጥገና በቁ፣ ከዓመት በኋላ የ9ኙ ኩላሊት ይሠራል። ሆስፒታሉ «90 በመቶ ስኬት» ቢል አልዋሸም። አካባቢው ግን ያገኘው 9 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፣ ልዩነቱ ለማን ተብሎ እንደተቆጠረ ነው። ዜናው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ይመርጣል።

ሰጪውስ?

በፎቶው ላይ ብዙ ጊዜ የማናየው ሌላ ሰው አለ፦ የሰጠው። በአገራችን ማዕከል ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ የቤተሰብ አባል ነው። ሰጪው ሳይታመም ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ብቸኛው ሰው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእሱ ውጤት ከተቀባዩ እኩል ሊቆጠር ይገባል።

ደስ የሚለው፣ ሳይንሱ በአብዛኛው ያረጋጋል። የቀረው አንድ ኩላሊት ሥራውን ጨምሮ፣ ሁለቱ አብረው ይሠሩት ከነበረው 70 በመቶ ያህሉን ይሸከማል። ለወንድሙ የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ እስከ 79 ዓመቱ ኖሯል። በአሜሪካ ለዓመታት በተደረገ ክትትል፣ ከቀዶ ጥገናው ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው ያለፈ ሰጪዎች ከ10,000 ሦስት ያህል ነበሩ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከዚያም ቀንሷል። ትንሽ ነው፣ ባዶ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ኩላሊት ከሰጡ በኋላ ካረገዙ ሴቶች 11 በመቶ የሚሆኑት በእርግዝና ወቅት ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ችግር እንደገጠማቸው፣ ካልሰጡት ግን 5 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህ ማለት ወጣት ሴት አትስጥ ማለት አይደለም። አውቃ ትስጥ፣ ስታረግዝም ክትትል ታድርግ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በምዕራብ ሸዋ የብዙ ሰው የእናት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ኩላሊትን «ካሌ»፣ ጉበትን «ቲሩ» ብሎ ላደገ ሰው፣ የፈቃድ ወረቀቱ ባልለመደው ቋንቋ ቢነበብለት ፊርማው ምን ያህል ፈቃድ ነው? «እህቱ አይደለች፣ እንዴት እምቢ ትላለች!» የሚለው የዘመድ ጫናም አለ። ሰጪን ለብቻው አስቀምጦ፣ በቋንቋው አስረድቶ፣ «አይሆንልኝም» ቢል እንኳ ምስጢሩን መጠበቅ ከስፌቱ እኩል የሕክምናው ክፍል ነው።

ጉበት የት ሄደ?

ስለ ጉበት ብዙም አልተነሣም፣ ምክንያቱም ነገሩ በጣም ይከብዳል። የታመመው ጉበት ወጥቶ አዲሱ በዚያው ቦታ ይገባል። ለኩላሊት የእጥበት ማሽን አለ፣ ለጉበት ግን ለወራት የሚያቆይ ማሽን የለም። ዶ/ር ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 በዴንቨር ሞክረው፣ ታማሚ ከዓመት በላይ ሲኖር ያዩት ከ1967 ወዲህ ነው። ጉበት ቁራሹ መልሶ ስለሚያድግ ሕያው ሰውም መስጠት ይችላል። አደጋው ግን ከኩላሊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፦ ሕይወቱ የሚያልፈው ሰጪ ከ200 እስከ 500 ሰጪዎች አንድ እንደሆነ ይገመታል።

ለዚህ ነው ሕያው ሰጪ ብቻ ይዞ ሩቅ መሄድ የማይቻለው። «ከሞተ ሰው መውሰድ ባህላችን አይፈቅድም» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ቃል ከገቡ ሰዎች፣ ከሞቱ በኋላ፣ የዓይን ብሌን መሰብሰብ ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። ሰዉ ሲረዳ ይሰጣል። ትልቁ ልዩነት ቴክኒክ ነው፦ የዓይን ብሌን ልብ ከቆመ ከሰዓታት በኋላም ይወሰዳል። ኩላሊትና ጉበት ግን ደም ሲቋረጥባቸው ቶሎ ይበላሻሉ፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የአንጎል ሞትን በጥንቃቄ የሚያረጋግጥ ቡድንና በሰዓታት ውስጥ የሚሠራ ሰንሰለት ይፈልጋሉ። ባህልን መውቀስ ይቀላል፣ ሰንሰለቱን መገንባት ነው የሚከብደው።

እስከዚያው ጉበትን የሚያድን ርካሽ ነገር በእጃችን አለ። «የወፍ በሽታ» ከምንለው ጀርባ ከሚገኙት አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የተወለዳችሁ ወስዳችሁት ይሆናል፣ ታላላቆቻችሁን ግን ጠይቁ። ለኩላሊት ደግሞ ትልቁ ጠላት የደም ግፊትና ስኳር ነው፣ ግፊት ለመለካት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ጊዜ «በስኬት ተጠናቀቀ» የሚል ስታነቡ ደስ ይበላችሁ፣ ይገባል። ከዚያ አራት ነገር ጠይቁ፦ ለምን ያህል ጊዜ? ከስንት ሰው? ሰጪውስ እንዴት ነው? መድኃኒቱን የሚከታተለውስ፣ እሱ በሚኖርበት ከተማ ማን ነው? መልሱ ከጊንጪም ከአምቦም እውነት የሆነ ዕለት፣ ያኔ ፎቶውን እኔም አጋራዋለሁ።